መርዶ ያልተነገረላቸው ተመራጭ

ማለዳ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ከበሩ ራስ ላይ የተሰካው ሰሚ የተባለው መሣሪያ እንደ ወትሮው "እንዴት አደሩ ጋሽ ናሆም?" አለ።

"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ወገብዎስ?"

"ተሽሎኛል።"

አልተሻለውም። ሲገላበጥ ነው ያደረው። ግን ናሆም ታረቀኝ ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዴት አደርክ ሲሉት ደህና እያለ የኖረ ሰው ነው። እንኳን ስለ ወገቡ፣ ሚስቱ ሶልያና በተቀበረች ማግስትም ደህና ብሏል። ሰሚው አመሰገነው፤ የገነት በር ከተማ ውሃ እስከ አራት ሰዓት እንደሚቆይም ነገረውና አረንጓዴ መብራቱን አጠፋ። በዚያችው ደቂቃ የከተማው ሰው ሁሉ የዕለቱን ድምፅ ሰጥቶ ጨረሰ።

ከ2064 ዓ.ም. ወዲህ በምሥራቅ ደጋ ክልል ኮሮጆ የለም። ሰልፍ የለም፣ ጣት ላይ የሚቀባ ቀለም የለም። ሰሚው በየማለዳው ይጠይቃል፣ ሰው ይመልሳል፣ አምስት ዓመት ሲሞላ መልሱ ይደመራል። ደህና ነኝ ያለ ሰው ያለው ተመራጭ ይቀጥል ብሏል ማለት ነው። ሕጉን ያረቀቁት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሕዝብ በአምስት ዓመት አንድ ቀን ከሚጠየቅ በየቀኑ ቢጠየቅ ይሻላል ብለው ነው። ሀገራቸውን ግን ረስተውት ነበር። እዚህ ሀገር ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኙት አስቀድሞ ደህና ብሎ፣ ፈጣሪውን አመስግኖ፣ የጠያቂውን ልጆች አንድ በአንድ ጠይቆ ነው ወደ ቃጠሎው የሚመጣው።

ደህና አይደለሁም ያለ ሰው አልጠፋም። በ2068 የናሆም ጎረቤት የሆነች ሴት "ውሃ ከሄደ ሳምንቱ! ምን ደህንነት አለ?" ብላ መለሰች። ሰሚው በጣም አዘነላት። በማግስቱ ነጭ መኪና መጥቶ ለሕክምና ወሰዳት። በወሩ ስትመለስ ወፍራለች፣ ፊቷም ፈክቷል። ብቻ ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይጠይቃት፣ ልብስ እያሰጣችም ቢሆን፣ ለብቻዋ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ትላለች። የሰፈሩ ሰው ሰላም የሚላት ከሩቅ ነው።

ናሆም ጋቢውን ደርቦ ሊወጣ ሲል መብራቱ መልሶ በራ።

"የወይዘሮ ትርሲትን ማረፍ ሰምተናል፤ ነፍስ ይማር። የተከበሩ አቶ ያፌት የእናታቸውን የሕይወት ታሪክ እርስዎ ቢጽፉላቸው ደስ ይላቸዋል።"

"እሺ፣ እንዴታ" አለ ናሆም።

ናሆም የእድሩ ጸሐፊ ነው። በገነት በር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ከሥርዓተ ቀብሩ በፊት ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የሟቹ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። የት እንደተወለደ፣ ምን እንደሠራ፣ ስንት ልጅ እንደወለደ፣ በምን ቀን እንዳረፈ። ይህን ጽፎ የሚያነበው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ናሆም ነበር። ድምፁ ዝግ ያለ፣ የሚያለቅስ ሰው የሚያረጋጋ ድምፅ ነው። ሰው በሕይወት እያለ "ናሆም ያንብብልኝ" ብሎ ይናዘዝ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወይዘሮ ትርሲት አበጋዝ የሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ያፌት ግዛው የክልሉ ምክር ቤት አባል ነው። ከ2063 ጀምሮ የምክር ቤት አባላት የሚሰበሰቡት ከየቤታቸው በድምፅ ስለሆነ ያፌትን ለዓመታት ፊት ለፊት ያየው ሰው አልነበረም። የገነት በር ሰው ወደ ክልሉ ዋና ከተማ የሄደ ይመስለዋል፤ የዋናው ከተማ ሰው ደግሞ ገነት በር ያለ ይመስለዋል። ንግግሩን ግን ሁሉም ይሰማል። ትናንት እንኳ ስለ መንገድ ጥገና ግማሽ ሰዓት ተናግሯል።

ናሆም ለቅሶ ቤት ሲደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። የያፌት ሚስት ኤልዳና ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ "የእማማን ወረቀቶች ላሳይህ" ብላ ወደ ጓሮ ወሰደችው። በውሃ ታንከሩ ሥር ፓምፑ እየተንገጫገጨ ይጮሃል። ሰሚው እንዳይሰማቸው ፓምፑን ያስነሣችው ራሷ እንደሆነች ናሆም የገባው ዘግይቶ ነው።

"ጋሽ ናሆም፣ የእማማን ስትጽፍ የያፌትንም ጻፍልኝ" አለችው፣ አፏን ወደ ጆሮው አስጠግታ።

"የምኑን?"

"የሕይወት ታሪኩን።"

ናሆም ፈገግ ሊል ከጅሎት ነበር። "ምን ነካሽ ኤልዱ? ትናንት ሲናገር ሰምቼዋለሁ እኮ።"

"እኔም ሰምቼዋለሁ። ያፌት የሞተው የካቲት አሥራ አራት ቀን ስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። አሥር ዓመቱ።"

ናሆም ታንከሩን ተደገፈ። ኤልዳና አላለቀሰችም። ብዙ ጊዜ በልቧ ስትለማመደው የኖረች ሰው እንደምትናገር ተናገረች።

"ልቡ ነው። ሊነጋጋ ሲል ከጎኔ አለፈ። እማማ ከወዲያኛው ክፍል ተኝተዋል፤ እሳቸውም ያኔ የልብ ሕመምተኛ ነበሩ። መርዶ በአንድ ሰው አፍ ይነገራል እንዴ? ሽማግሌ ይሰብሰብ፣ ዘመድ ይድረስ፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይነገራቸዋል ብዬ አፌን ያዝኩ። አንድ ሰዓት ሲሆን ሰሚው 'እንዴት አደራችሁ? አቶ ያፌትስ?' አለ። እማማ ነቅተዋል፤ አልጋቸው ላይ ሆነው ይሰማሉ። ምን ልበል ጋሽ ናሆም? ምን ማለት ነበረብኝ?"

"ምን አልሽ?"

"'ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን' አልኩ።"

ፓምፑ አንዴ ተንተባተበና መልሶ ጮኸ።

"ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ ገባ። እሱ አልጋው ላይ ተገንዞ ተኝቷል፤ ድምፁ ሳሎን ውስጥ ስለ ምርጥ ዘር ያወራል። እማማ 'ልጄ ዛሬ ድምፁ ጠርቷል፣ ጉንፋኑ ለቀቀው' አሉኝ።"

ሬሳውን የያፌት አጎት በስውር ወደ ወይዘሮ ትርሲት የትውልድ መንደር ወስዶ በክርስትና ስሙ፣ ወልደ ሩፋኤል ተብሎ፣ አስቀበረው። ኤልዳና በሳምንቱ የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዳ ባሌ ሞቷል ብላ ነበር። ጸሐፊዋ በጣም ትሑት ነበረች። "እመቤቴ፣ ደህና ነው ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው" አለቻት። ከዚያ መመሪያውን አነበበችላት። በሕይወት ያለ ሰው በሐሰት ሞተ እንዳይባል ተብሎ የወጣ መመሪያ ነው። የምክር ቤት አባል ሞት የሚጸናው የሕይወት ታሪኩ በእድሩ ፊት በሰው አንደበት ሲነበብ፣ የእድሩም ሰዎች በማግስቱ ማለዳ ለሰሚው "ሰምተናል" ሲሉ ብቻ ነው።

"እማማ እያሉ እንዴት አስነብባለሁ? ዋናው ከተማ ሄዷል አልኳቸው፤ በየማለዳው በሰሚው 'ልጄ እንዴት አደርክ' ይሉታል፣ እሱም 'እማዬ እንዴት አደርሽ' ይላቸዋል። አሥር ዓመት ከልጃቸው ጋር ሲያወሩ ኖሩ። እኔ አሥር ዓመት ጥቁር አልለበስኩም፤ ባሌን አላለቀስኩም።" ኤልዳና እጁን ያዘችው። "ነገ እድሩ በሙሉ ይሰበሰባል። የፊታችን ሰኔ ደግሞ ምርጫ ነው። ከተመረጠ ሌላ አምስት ዓመት ሊኖርብኝ ነው።"

"እኔ እኮ ፈሪ ነኝ፣ ኤልዱ" አለ ናሆም። እውነቱን ነበር።

"አውቃለሁ። ግን ሌላ አንባቢ የለንም።"

ናሆም ቤቱ ሲገባ ሰሚውን ቀና ብሎ ላለማየት አንገቱን ደፍቶ አለፈ። መስኮቱ ሥር ተቀመጠና በወረቀት፣ በእስክሪብቶ መጻፍ ጀመረ። የወይዘሮ ትርሲት በአንድ ገጽ አለቀ። የያፌት ግን ቶሎ አላለቀለትም፤ አብዛኛውን በዓይኑ ያየው ነውና።

ያፌት ግዛው በ2014 ዓ.ም. ገነት በር ተወለደ። የፊዚክስ መምህር፣ ከዚያም ርእሰ መምህር ሆነ። በ2051 የምርጫ ምልክቱን ባልዲ አድርጎ ተወዳደረ፤ ለከተማው ውሃ አመጣለሁ ነበር የሚለው። በሦስት መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ አሸነፈ። ባልዲው በአምስት ዓመት ውስጥ እስከ ግማሽ እንኳ አልሞላም። በ2056 በአርባ አንድ ድምፅ ተሸነፈ።

የዚያን ቀን ናሆም ከቆጣሪዎቹ አንዱ ነበር። ካርዱን ሦስት ጊዜ ቆጥረው ለአራተኛ ሲቀመጡ ያፌት መጥቶ ትከሻውን መታ አደረገው። "አንተ ናሆሜ፣ በቃ! ተሸንፌያለሁ፤ ሰዉ ወደ ቤቱ ይግባ" አለውና ያሸነፈውን ሰው ሄዶ ጨበጠ። በማግስቱ ጠመኔውን ይዞ ክፍል ገባ። ናሆም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ተመራጭ አላየም።

በ2061 ሕዝቡ መልሶ መረጠው፤ በሺህ ዘጠኝ መቶ ድምፅ። የውሃውን መስመር ያስገባው ያኔ ነው። በ2064 የሰሚው ሕግ ሲቀርብ ሰባ አንድ አባላት ደገፉ፣ አንድ ሰው ተቃወመ። "የእኛ ሰው ለእግዜር እንኳ ደህና ነኝ ነው የሚለው፤ ይህን ድምፅ አንበለው" አለ። ያ አንድ ሰው ያፌት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ናሆም ከምክር ቤቱ መዝገብ ቀዳ። ሰኔ 2066፣ ዘጠና ሰባት ከመቶ። ሰኔ 2071፣ ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ። የሰሚው ሕግ እንዲጠናከር ሦስት ጊዜ የድጋፍ ድምፅ ሰጥቷል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ አለ ናሆም በልቡ፤ የሚወቀሰው ሙቱ አለመሆኑን ግን ያውቅ ነበር። ሰውየው በሕይወት እያለ ይሸነፍ ነበር። ከሞተ ወዲህ ማንም አላሸነፈውም።

በመጨረሻም ቀኑን ጻፈ። የካቲት 14 ቀን 2066 ዓ.ም.።

እዚህ ላይ ተሳሳተ። ክፋት አይደለም፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልማድ ነው። ናሆም አንድ ጽሑፍ ሲጨርስ የት ቆም እንደሚል፣ የት ላይ ሰው እንደሚያለቅስ ለማወቅ አንድ ጊዜ ድምፁን አውጥቶ ያነበዋል። ከንፈሩ ብቻ የሚንቀሳቀስ መስሎት ነበር። "ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል" የሚለው ላይ ሲደርስ የገዛ ድምፁን ሰማውና ደነገጠ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው።

አረንጓዴው መብራት በራ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ሰሚው በዚህ ሰዓት ተናግሮ አያውቅም።

መጀመሪያ የመጣው ሳል ነው። ሁለት አጭር ሳል፣ ጠመኔ የለመደ ጉሮሮ የሚስለው።

"ጋሽ ናሆም፣ ያፌት ነኝ።"

ናሆም ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጠፈው።

"የእናቴን ታሪክ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። በጣም ነው የነካኝ። አንዲት ትንሽ እርማት ብቻ ናት ያለችኝ።"

ድምፁ ያፌት ነው፤ ትንፋሹም፣ ቃል ከመጨረሱ በፊት የሚያዘገየው ነገርም ያፌት ነው። ያፌት ግን በሕይወቱ አንድ ቀን "እርስዎ" ብሎት አያውቅም። ናሆምን ከሁሉ ይልቅ ያስፈራው ይህ አክብሮት ነው።

"በሃምሳ ስድስት..." አለ ናሆም። "በሃምሳ ስድስት በስንት ነበር የተሸነፍከው?"

"በ2056 አሸንፈናል፣ ጋሽ ናሆም። መዝገቡ ተስተካክሏል።"

"እኔ ነኝ የቆጠርኩት! በአርባ አንድ..."

"አርባ አንዱም ደህና ናቸው።"

ናሆም ከእነዚያ ሰዎች መሀል በመልክ የሚያስታውሰው ይኖር እንደሆነ ለማሰብ ሞከረ፤ አንዱም አልመጣለትም።

"እርስዎ አሥራ ሁለት ዓመት በየማለዳው ሲያነጋግሩን ኖረዋል" አለ ድምፁ፣ በጣም በለሆሳስ። "ጥሩ ድምፅ ነው ያለዎት። ሐዘንተኛ የሚያጽናና ድምፅ ነው። እንዲጎዳብን አንፈልግም። ነገ ይረፉ ቢባሉ እንኳ እኛ እናነብልዎታለን።"

መብራቱ ጠፋ። ፈርቷል፤ እንደ ሕፃን ፈርቷል። ወረቀቱን ሊቀደው ሁለት ጊዜ ያዘ። ሁለቱንም ጊዜ "ሰዉ ወደ ቤቱ ይግባ" ያለው ሰውዬ ትዝ እያለው ተወው። አሥር ዓመት ሙሉ ወደ ቤቱ ያልገባው እሱ ነው።

በማግስቱ ቀብሩ ላይ የመጣው ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ሞላው። የምክር ቤት አባል እናት ናቸውና ከሩቅ ወረዳ ሁሉ ሰው ተልኳል። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሮቤል ማይክሮፎኑን ለናሆም ሰጠው። ሮቤል ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ የእድሩን ጥሩምባ ብብቱ ሥር ይዟል። ከናሆም ጋር ከልጅነት ጀምሮ ፊት ለፊት ቤት የኖሩ ሰዎች ናቸው። "አይዞህ፣ ፊትህ ነጣ" አለው።

ናሆም የወይዘሮ ትርሲትን አነበበ። ድምፁ በየዛፉ ከተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች እየወጣ በቅጥሩ ላይ ተነጠፈ። ሴቶቹ አለቀሱ። ገጹን ገለበጠና ትንፋሹን ሳበ።

"የልጃቸው የአቶ ያፌት ግዛው አጭር የሕይወት ታሪክ" አለ።

"ልጃቸው የተከበሩ አቶ ያፌት ግዛው" አለ ድምፅ ማጉያው፣ በናሆም ድምፅ፣ "በተከታታይ አምስት ጊዜ በሕዝብ ተመርጠው ዛሬም በማገልገል ላይ ይገኛሉ።"

ናሆም አፉን ዘጋ። ድምፁ ግን ቀጠለ። ዝግ ብሎ፣ እሱ ቆም በሚልበት ቦታ ቆም እያለ፣ እሱ ጉሮሮውን በሚጠርግበት ቦታ እየጠረገ። ለቅሶ ላይ የአንባቢ አፍ የሚያይ ሰው የለም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ኤልዳና ብቻ ቀና ብላ የተዘጋ አፉን አየችው። ፊቷ ላይ የነበረውን ፍርሃት ሲያይ የራሱን ረሳ ማለት ውሸት ይሆናል፤ ጨመረበት እንጂ። ቢሆንም ማይክሮፎኑን መሬት ላይ አስቀመጠው።

ወደ አስከሬን ሳጥኑ ተጠጋ፤ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኾ ማንበብ ጀመረ። "በ2051 በሦስት መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ ተመረጡ! በ2056 በአርባ አንድ ድምፅ ተሸነፉ!" ከላይ ማጉያው "ተመረጡ፣ ተመረጡ" እያለ ይሸፍነዋል። ከኋላ ያሉት ምንም አልሰሙም። ከፊት ያሉት ሠላሳ የሚሆኑ የእድሩ ሰዎች ግን አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ናሆም ሳል እየተናነቀው የመጨረሻዋን መስመር አወጣት።

"የካቲት አሥራ አራት ቀን 2066 ዓመተ ምሕረት፣ በተወለዱ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል!"

ኤልዳና "ያፌቴ!" አለች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጥላ ደረቷን መታች፤ አሥር ዓመት የታፈነ ለቅሶ ወጣ። ከኋላ የነበሩ ሴቶች እየተያዩ "ምራት ለአማቷ እንዲህ ስታለቅስ አይተንም አናውቅ፤ የልጃቸውን ስም እየጠራች" ተባባሉ።

ሮቤል ናሆምን በክንዱ ደግፎ ወደ ጎን ወሰደው። ጥሩምባው ከኮቱ ቁልፍ ጋር እየተጋጨ ይንኳኳል።

"ሰምቻለሁ" አለው በሹክሹክታ። "ያፌትን ነፍስ ይማር። ነገ ማለዳ ግን ምን እንደምል አላውቅም፣ ናሆሜ። ልጆች አሉኝ።"

"ሰምተናል በል። አንድ ቃል ናት። ሠላሳችሁም ብትሉ ያርፋል፣ እሷም ታርፋለች።"

ሮቤል ሰዉ አፈር መልሶ ሲበተን፣ "እሺ" አለ። "እላለሁ። ሌሎቹንም እነግራቸዋለሁ።"

በማግስቱ ናሆም ከአንድ ሰዓት በፊት ተጣጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሰሚው ሥር ቆመ። ድምፁ ከትናንቱ ጩኸት ሻክሯል። የሚናገረውን በልቡ ደጋገመው። ደህና አይደለሁም። ያፌት ግዛው ሞቷል። በእድሩ ፊት አንብቤያለሁ፤ እድሩም ሰምቷል። ነጩን መኪና ላለማሰብ ሞከረ።

መብራቱ በራ።

"እንዴት አደሩ ጋሽ ናሆም?"

ናሆም አፉን ከፈተ።

"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለ የገዛ ድምፁ፣ ከበሩ ራስ ላይ። ሳይሻክር፣ ዝግ ብሎ።

"ወገብዎስ?"

"ተሽሎኛል።"

"አይደለም!" ብሎ ጮኸ ናሆም። "ደህና አይደለሁም! ሞቷል! ያፌት ሞቷል!" ሰሚው አላቋረጠውም፤ እንዳልሰማውም ገባው። ይህ ከመኪናው የባሰ ነው። የሚወስደው ሰው እንኳ የለም።

"ስለ አቶ ያፌት የሰሙት ነገር አለ?"

"ደህና ናቸው" አለ የናሆም ድምፅ። "ትናንት ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ።"

ናሆም በእጁ አፉን ያዘ። ከንፈሩ ተዘግቷል። በሩን በርግዶ ወጣ።

ጎዳናው ላይ ማለዳው ብሩህ ነበር። ከየቤቱ፣ በየመስኮቱ፣ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና፣ ተመስገን። ከእነዚህ ስንቱ ከሰው አፍ እንደወጣ ለማወቅ አልቻለም። ከስንት ዓመት ወዲህ እንደሆነም አላወቀም።

ፊት ለፊት ያለው በር ተከፈተና ሮቤል ባዶ እግሩን፣ ካልሲ እንኳ ሳያደርግ፣ ደጃፉ ላይ ቆመ። መዳፉን አፉ ላይ ጭኗል። ከኋላው፣ ከቤቱ ውስጥ፣ የሮቤል ድምፅ "ምንም አልሰማሁም፤ ሁላችንም ደህና ነን" ሲል ይሰማል።

"እኔ አይደለሁም" አለ ሮቤል፣ እጁን አንሥቶ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ናሆሜ፣ በእናቴ አጥንት፣ እኔ አልተናገርኩም።"

"አውቃለሁ።"

ናሆም መንገዱን ተሻገረ። እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ የሁለቱም እጅ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ሮቤል፣ ልማድ ሆኖበት፣ "እንዴት አደርክ?" አለው።

ቃሏ ናሆም ከንፈር ላይ መጣች። ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ በራሷ ስትወጣ የኖረች ቃል ናት። ጥርሱን ነክሶ መለሳት።

"ደህና አይደለሁም" አለ።

"እኔም" አለ ሮቤል።

ከየቤታቸው ድምፆቻቸው ሰላምታውን ቀጠሉ።